ዊንድሆክ እንዳትሄድ የመከርኳት ልጅ

ነገሩ ከሆነ ዓመት አልሞላውም። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። አሁን የምጽፈው ዝም ብዬ መያዙ ስላቃተኝ ነው።

ሳንድተን በሚባለው የባንኮች ሰፈር፣ አንድ ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ክፍላችን ለፀሐይና ለጋዝ ኃይል ማመንጫዎች ገንዘብ ያፈላልጋል። ትዕግሥትን የማውቃት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሆሳዕና ልጅ ናት። ዳቬይተን ሰፈር ከወንድሟ ጋር ስፓዛ ሾፕ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ እየሠራች በርቀት ትምህርት ፋይናንስ ተመርቃለች።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መኪናዬ ጋ ጠበቀችኝ።

«ጋሽ ዳዊት፣ ሁለት ቦታ ተሳክቶልኛል መሰለኝ» አለችኝ።

አንዱ ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ያለ ትንሽ የኢነርጂ ፋይናንስ ድርጅት ነው። ሊቀጥራት ወስኗል፣ የሥራ ፈቃዷንም ራሱ ሊያወጣላት ተስማምቷል፤ መልሷን የሚፈልገው ግን እስከ ዓርብ ነው። ሌላው የእኛው ባንክ ነው። ቃለ መጠይቁን አልፋ የመጨረሻውን ደብዳቤ እየጠበቀች ነበር።

«እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?»

እዚያው ቆሜ አስረዳኋት። የናሚቢያው ሥራ ገና ጅምር ነው፣ የጎረቤቷ የቦትስዋና ገበያም ጠባብ ነው፣ ሞዛምቢክ ጋዙ ቢኖርም ትልልቁ ውል የሚዘጋጀው እዚሁ ሳንድተን ነው አልኳት።

«እዚህ ሁለት ዓመት ብትሠሪ የትም ይወስዱሻል። እዚያ ከገባሽ ተረስተሽ ትቀሪያለሽ።»

እንዲህ ሳወራ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ መኖሪያ ወረቀቷ ግን አልጠየቅኳትም። እኔ ቋሚ መኖሪያ ካገኘሁ ቆይቻለሁ፤ ነገሩ ትዝም አላለኝ።

ዓርብ ዕለት ለዊንድሆኮቹ «አልመጣም» ብላ ጻፈችላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የባንካችን የሰው ኃይል ክፍል ማመልከቻዋን ውድቅ አደረገው። የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው የያዘችው፤ በየጊዜው የሚታደስ ወረቀት ለያዘ ሰው ይህን ሥራ አንሰጥም አሉ። አለቃዬ ቢሮ ሁለት ጊዜ ገብቼ ለመንኩ። አልሆነም። ዊንድሆክ ራሴ ደወልኩ። ሌላ ሰው ቀጥረዋል።

ልነግራት ዳቬይተን ሄድኩ። ደንበኞቿን በአገሬው ቋንቋ «ሳውቦና ማማ» ብላ ሰላም እያለች በሱቁ የብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦ ስታቀብል፣ ሰልፉ እስኪቃለል ውጭ ቆምኩ። ስነግራት አላለቀሰችም።

«የወረቀቱን ነገር ላነሳልዎት ነበር» አለችኝ። «እርስዎ እንደዚያ እርግጠኛ ሆነው ሲናገሩ ግን፣ ችግር ባይኖረው ነው ብዬ ተውኩት።»

ሌላ ደንበኛ ጠራትና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲህ የትም አላመለከተችም። ቤተ ክርስቲያንም መምጣት ትታለች። ወንድሟን ሳገኘው፣ መጽሐፎቿን ለሰው እንደሰጠች ነገረኝ።

ወጣቶች አሁንም የት አገር ብንሠራ ይሻላል እያሉ ይጠይቁኛል። «አላውቅም» እላቸዋለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።