ኤሊየሴር ዘፈኖቹን ለማን አደራ ሰጠ

በሬቦሎ ሰፈር የኤሊየሴር ባራሳን ቤት የማያውቅ የለም፤ ገብቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ዕድሜውን በባራንኪያ ወደብ ጉምሩክ ጨርሶ ጡረታ የወጣ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። መርከበኞች ከየደሴቱ የሚያመጡለትን የሳልሳ ሲዲ ሲለቅም ኖሮ ሳሎኑን ከወለል እስከ ጣሪያ ሞላው። ሰው ሙዚቃ የሚሰበስበው ሊያሰማ ነው፤ እሱ ግን ሌላው እንዳይሰማ ነበር የሚሰበስበው። አዲስ ሲዲ እጁ በገባ ቁጥር የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም በጥቁር ቀለም ድምጥማጡን ያጠፋዋል። እንግዳ ሲመጣ መስኮቱን ይዘጋል፣ የእንግዳውን ስልክ ተቀብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ግማሽ ዘፈን አሰምቶ ያጠፋል።

«ግማሹስ?» ይለዋል እንግዳው ላቡን እየጠረገ።

«ግማሹ የእኔ ነው።»

ሚስቱ ኑቢያ እሱን ካገባች ወዲህ በዚያ ቤት ደንሳ አታውቅም። ዳንስ ወለሉን ያነቃንቃል፣ ሲዲው ይዘላል ተብሎ ተከልክሏል።

አንድ ቀን ታዲያ ከመደርደሪያው ያወጣው ሲዲ ጀርባው ላይ የሻይ ጠብታ የመሰለ ነገር አየ። ወደ መስኮቱ ቢያነሳው ብርሃን በመሃሉ አለፈ። ሌላ ቢያወጣ ያው ነው። የወንዙ እርጥበት ያመጣው ሻጋታ ቀስ ብሎ ሲግጥ ከርሟል። ኤሊየሴር አልጋ ላይ ወደቀ።

«እናትህ የሞተች ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተኛህም» አለችው ኑቢያ።

ሲነሳ ኮምፒዩተር ገዛና አንድ በአንድ ይገለብጥ ጀመር። ማሽኑ በበኩሉ ለእያንዳንዱ ዘፈን ስም ይጠይቃል። ስሙን ደግሞ ራሱ በቀለም አጥፍቶታል! እናም ከአእምሮው እያወጣ የዘፋኙን፣ የባንዱን፣ የዓመቱን ሳይቀር አስተካክሎ ጻፈ። በመጨረሻ ያ ሁሉ መደርደሪያ መዳፍ በምታህል ሃርድ ዲስክ ገባ። ሁለተኛ ቅጂም አዘጋጀ። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው፤ ሁለተኛዋ የት ትቀመጥ?

«ሰው ሁሉ ደመና ላይ ነው አሉ የሚያስቀምጠው፣ በኢንተርኔት» አለች ኑቢያ።

«ደመና በዚህ ከተማ ይዞት የሚመጣውን አታውቂም? ጎርፍ ነው! ደግሞስ በማላውቀው ሰው ቤት የእኔ ዕቃ ምን ይሠራል?»

«እንግዲያው የምታውቀው ሰው ቤት አስቀምጣት።»

«የማውቃቸው ሁሉ ሌቦች ናቸው።»

«እኔስ?»

«አንቺ እዚሁ ነሽ። ቤቱ ቢቃጠል አብረሽ አይደል የምትቃጠይው?»

ሰፈሩን በሐሳቡ ዞረው። ፀጉር አስተካካዩ አፉ አይዘጋም። ክርስትና ያነሳለት ባልንጀራው ወዲያው ገልብጦ ይሸጣታል። ቄሱ ደግሞ በካርኒቫሉ የጎዳና ጭፈራ ከሁሉም በፊት የሚደንሱት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ታላቅ እህቱ ኤዲልማ ታየችው፤ የወንጌላውያን አማኝ፣ ከበሮ ስትሰማ ጆሮዋን ደፍና የምታልፍ፣ ቤቷም ጎርፍ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ያለ። ሥጋ አደራ የሚሰጠው ለጾመኛ ነው አለና ሄደ።

«የዓለም ሙዚቃ?» አለች ኤዲልማ ዲስኩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። «ወንድሜ፣ ሰይጣንን በላስቲክ ጠቅልለህ ቤቴ ታመጣለህ?»

«ለዚሁ እኮ ነው አንቺ ጋ ያመጣሁት። አንቺ አትከፍቻትም።»

ጸልያባት መዝሙር መጻሕፍቷ ሥር ሸጎጠቻት። የይለፍ ቃል አላደረገባትም፤ ቢረሳው እሱም እንደ ማንም ሰው ውጭ ሊቀር ነው።

ዝናቡ በመጣ ጊዜ መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ ጎርፉ ሬቦሎ ገብቶ ወደ ኤሊየሴር ቤት ጎራ አለ። የቤቱን ዲስክ ሌባ እንዳያገኛት አልጋ ሥር ደብቋት ስለነበር ውሃው ሌላ ሳይነካ በፊት እሷን አገኘ። ሻጋታ የተረፈውን ሲዲ ጭቃ ጨረሰው። ኤሊየሴር እንደ ረጠበ እህቱ ቤት ደረሰ።

«አደራዬን!»

«ነፍስህን አዳንኩልህ» አለች ኤዲልማ ፊቷ እያበራ። «ቤተ ክርስቲያን ስብከት መቅጃ ቸግሮት ነበር። ለማይክራፎን ሠራተኛው ለኡባልዶ ሰጠሁትና ያለባትን ጥረገው አልኩት። አሁን የፓስተሩ ቃል ነው ያለባት።»

«አደራ በላሽ!»

«በላሁ? አስባረክሁ እንጂ!»

ኡባልዶ ግን እሑድ የጌታ፣ ቅዳሜ የዓለም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒኮ የሚሉትን ቁም ሳጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ መንገድ ጥግ ላይ አቁሞ ሰፈሩን ያስጨፍራል። ከመጥረጉ በፊት ሰይጣን ምን እንደሚመስል ልየው ብሎ ከፈተ፤ አየ፤ ወደደ፤ ገለበጠ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኤሊየሴር ደጁ ላይ ፍራሽ ሲያሰጣ ለማንም ጨርሶ አሰምቶት የማያውቀው ዘፈን ከጥጉ መጣ። መጣ ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ተዘፈነ። አልፎም ኡባልዶ በማይክራፎን የዘፋኙን ስም ከነዓመቱ አወጀ። ኤሊየሴር ቆሽቱ አርሮ በነጠላ ጫማ እየሮጠ ደረሰ።

«ሌባ! የእኔ ነው!»

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ ዶን ኤሊየሴር! ስሙን ከነዓመቱ አሰናድተው! እንዲህ ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል?»

«ለማን ለማን ሰጠህ?»

«ለማን ያልሰጠሁትን ይጠይቁኝ፤ እሱ ይቀላል።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ኤሊየሴር ዙሪያውን ሲቃኝ ኑቢያን አያት፤ ዓሣ ሻጩን ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትሽከረከራለች። ሊጮህ አፉን ከፈተ። ያኔ ቤቱ አንድም ዘፈን እንዳልቀረው ትዝ አለውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለእኔ... ቅጂ ይኖርሃል?»

«ለእርስዎማ!» አለ ኡባልዶ። «ብቻ ከወረፋው ኋላ ይሰለፉ።»

ተሰለፈ።

ካርኒቫል ሲደርስ ታሪኩ በኤሊየሴር አፍ ተለውጦ ነበር። ሙዚቃ የሕዝብ ነው ብሎ አምኖ፣ አስቦበት፣ መርጦ ዘፈኖቹን የለገሰው እሱ ሆነ። የሰፈሩ ኮሚቴም አምኖት «ለባለውለታችን» የሚል ሰሌዳ ሸለመው። ኤሊየሴር ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሳልሳን በባራንኪያ ለማሰራጨት ትልቁን ድርሻ ለተወጣችው ለእህቱ ለኤዲልማም በሕዝብ ፊት ምስጋና አቀረበ። ኤዲልማ ከነ መጽሐፍ ቅዱሷ ተነስታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ለገና እንኳ ደጁን አልረገጠችም።