ክፍት ቦታ የተባለችው ምንጫችን

ካዛንቺስ፣ ከግቢያችን ጀርባ ቁልቁል ሲወረድ፣ ወንዙ ዳር አንዲት ምንጭ ነበረች። ዛሬ ሄዳችሁ ብትፈልጉ አታገኟትም፤ ፎቅ ተቀምጦባታል። እኔ ግንበኛ ነበርኩ፣ ስለ ግንብ እንጂ ስለ ምንጭ ብዙ አላውቅም። የምታውቃት ባለቤቴ ነበረች። ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ እዚያ ይወርዳል። ከቆሻሻ ክምር ሥር ያወጧትም እሷና የዕድራችን ሴቶች ናቸው፤ ክረምቱን በአካፋ ሲጠርጉ ከርመው ዙሪያዋን ወይራና ግራቪሊያ ተከሉ። ባለቤቴ ችግኝ ስታጠጣ ትሳደባለች። «አንተ ሰነፍ፣ ጓደኛህን አታየውም?» ትለዋለች ያላደገውን።

አንድ ጊዜ ከአንድ ድርጅት ወጣቶች መጡ። የሰፈራችሁን ውሃና ዛፍ ራሳችሁ በካርታ ሳሉት፣ ራሳችሁ አስተዳድሩት አሉን። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላሁትም። የዕድሩ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ወንዙን በአመድ፣ ቤቱን በጠጠር፣ ዛፉን በቅጠል አድርገን ሠራን፤ ከወጣቶቹ አንዷ ልጅ ወደ ወረቀት ትገለብጠዋለች። ምንጯ ጋ ስንደርስ ጸብ ተነሳ።

«እዚህ ዙሪያውን ግንብ አድርጊበት» አልኳት ልጅቷን።

«አባባ፣ ግንብ የለማ!»

«እገነባዋለኋ። ድንጋዩን ሰፈሩ ያምጣ፣ እጄ በነፃ ነው።»

ባለቤቴ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። «ይሄ ሰውዬ ካልገነባ እንቅልፍ አይወስደውም! ውሃ ይታጠራል እንዴ? ከወሎ ሰፈር ድረስ ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣዋ ቁልፍ ፍለጋ ትዙር?»

«ካልታጠረ የኛ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እኛ እናውቃለን። ክፍት ነው ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ። ለሁሉም ክፍት።»

ሴቶቹ አጨበጨቡላት፣ በኔ ሳቁብኝ። ልጅቷ በአረንጓዴ ቀለም «ክፍት ቦታ» ብላ ጻፈች። በመሠረተ ትምህርት በተማርኳት ፊደል እኔም አነበብኳት። ምንም ክፉ አልታየኝም። የተናደድኩት ስለተሸነፍኩ ብቻ ነው።

ካርታው ለቀበሌ ተሰጠ። ዓመታት አለፉ፣ ዛፎቹ ከቁመቴ በለጡ። ከዚያ አንድ ጠዋት ምንጯ ዙሪያዋን በቆርቆሮ ታጥራ አገኘናት። እኔና ባለቤቴ ቀበሌ ሄድን። አንድ ወጣት ሹም በክብር አስቀመጠንና ያንኑ ካርታ ዘረጋልን።

«እማማ፣ ማንም አልቀማችሁም። እናንተው የሠራችሁት ነው፤ ክፍት ቦታ ይላል። ክፍት ቦታ ማለት በቃ፣ ሰው ያልያዘው፣ ባዶ ማለት ነው። ለአልሚ ተሰጥቷል።»

«ባዶ?» አለች። «እኔ እኮ ለሁሉም ነው ያልኩት።»

«ለሁሉም የሚል እዚህ ላይ የለም፣ እማማ።»

ጠረጴዛውን መታሁ፣ ጮህኩ፣ ዘበኛ ጎትቶ አስወጣኝ።

ወይራዎቹ ወዲያው ተቆረጡ። መሠረቱን ሲቆፍሩ ውሃው ሞላባቸው፤ ፓምፕ አምጥተው ቀን ከሌት ወደ ቦይ ይደፉት ጀመር። ሰፈሩ የቧንቧ ተራ ሲጠብቅ ያ ንጹሕ ውሃ አስፋልት ላይ ይፈሳል። የፓምፑ ድምፅ እቤታችን ድረስ ይገባል። እሷ ሥራ ፈታ ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። «‘አላልኩሽም ወይ?’ በለኛ! ወጥ ሲያርብኝ እንኳ ትለው የለ?»

«ምን ብዬሽ ነበር?» አልኳት፣ የረሳሁ መስዬ።

«ይታጠር ብለህ ነበር። ልክ ነበርክ።»

አብረን ስንኖር አንድም ቀን ልክ ነህ ብላኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ግንቡንም ያፈርሱት ነበር» አልኳት። «እኔ የገነባሁት ስንቱ ፈርሷል!» እውነቴን ነበር።

«ግንብ ቢኖር መጀመሪያ ይጠይቁን ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ያንን ያልገነባሁትን ግንብ በአፌ ማፍረስ ሆነ። ጠዋት እከራከራታለሁ፣ ማታ እከራከራታለሁ። ጎረቤቶችን ሰብስቤ አመጣሁ፤ ማንም እንዳልተቀየማት ነገሯት። አዎ፣ አዎ ትላቸዋለች፣ ለጨዋነት ያህል። ፎቁ ሳያልቅ ታመመች። ሊጠይቃት የመጣውን ሁሉ «ውሃችሁን በአፌ ያስወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ» ትለዋለች። ሰው ወደኔ ያያል።

«እኔን ስሚኝ እንጂ!» ብዬ እቆጣለሁ።

«አንተማ ልክ ነበርክ» ትለኛለች፣ እጄን ይዛ።

እስክትሞት ድረስ ይቺን ነገር ላስጥላት አልቻልኩም።