መምህር አብተው ያላነበበው መተግበሪያ

አብተው ጅማ ዞን ውስጥ ወዳለችው ሰኮሩ ከተማ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። በገበያ ኦሮምኛ ቲማቲም ይገዛል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰው ያጽናናል። የኦሮምኛ ጽሑፍ ሲሆን ግን ከሁለት መስመር በላይ አይዘልቅም። የመምህራን ስብሰባ ላይ ሌላው ሲስቅ ትንሽ ዘግይቶ ይስቃል፤ ቃለ ጉባኤው ሲመጣ እንዳነበበ ሰው ጥቂት አፍጥጦበት ይፈርማል። ይህን ማንም ያወቀበት አይመስለውም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጅማ ላይ ለመምህራን ሥልጠና ተሰጠ። የፈለጉትን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በጽሑፍ እየነገሩ የራስን የመማሪያ መተግበሪያ መሥራት ይቻላል ተባለ። አብተው በጣም ደስ አለው። ተማሪዎቹ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምረው ዘጠነኛ ሲገቡ ባዮሎጂው እንግሊዝኛ ይሆንና ግራ ይገባቸዋል። ማስታወሻውን በአማርኛ ጻፈና ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ ጥያቄና መልስ እንዲያደርግለት ማሽኑን አዘዘው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀበት።

የኦሮምኛ መምህሩ ዋቅጋሪ የሚቀመጠው ከጎኑ ነው። «እስቲ እየው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን እንዲያ ቢል «እርስዎስ አላዩትም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተወው።

ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እየተሳሳቁ ይሠሩበት ጀመር። አብተው የወደዱት መሰለው። በሦስተኛው ቀን ሙና የምትባል ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ያለው ቃል ልክ አይመስለኝም።»

ጎንበስ ብሎ አየ። የቱን ቃል እንደምትል እንኳ መለየት አቃተው። ድንጋጤው ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«በእንግሊዝኛ ከመቶ ሃያ አራት ያመጣሽ ልጅ ማሽኑን ልታርሚው ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ሙና ተቀመጠች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከሌሎችም ከተሞች የመጡ መምህራን ሥራቸውን ለማሳየት ጅማ ተሰበሰቡ። ዋቅጋሪም ነበር። የአብተው መተግበሪያ ሸራው ላይ ሲወጣ ከፊት ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው አዳራሹን ሞላው። አብተውም እንደ ልማዱ ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ።

ከአጋሮ የመጣች ሐጂራ የምትባል በዕድሜ የምትበልጠው መምህርት ተነሣች። «ወንድሜ፣ አይክፋህ። ‹የደም ሥር› ለማለት ‹ከደም በታች› ይላል። የተክሉም ሥር ‹በታች› ሆኗል። ሥርን ሂዳ ነው የምንለው፤ ይሄ ጀላ ብሎታል። የሚያይልህ ሰው አልነበረም?»

ጀላ! ገበያ ላይ በየቀኑ የሚሰማው ቃል ነው። ተጽፎ ሲያየው አላወቀውም።

«የቋንቋ መምህራችን አይቶታል» አለ።

ለምን እንዲያ እንዳለ እስከ ዛሬ ራሱም አልገባውም። ዋቅጋሪ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጎንብሶ ጫማውን አየ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ለምን ዝም አልክ?» አለ አብተው አሰንዳቦ ከተማን ሲያልፉ።

«ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ልበልዎት?»

«ኦሮምኛ አንብቤ አይገባኝም፣ ዋቅጋሪ።»

«አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን።» ዋቅጋሪ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «አንዴ ለቀልድ ብዬ ቃለ ጉባኤ ላይ ‹መምህር አብተው ደመወዙ እንዲቀነስለት ጠየቀ› ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም ፈረሙበት። እኔው አፍሬ ቀደድኩት።»

አብተው ፊቱ ጋለ። ወርዶ በእግሩ ቢሄድ ደስ ባለው።

እቤቱ እንደገባ በሥልጠናው የቴሌግራም ቡድን ላይ ጻፈ፤ መምህር ዋቅጋሪ ሥራውን እንዳላየው፣ የተናገረው ውሸት እንደነበር። ሰኞ ደግሞ ክፍል ገብቶ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ። «ሙና ልክ ነበረች። እኔ አላነበብኩትም፤ ኦሮምኛ ማንበብ ስለማልችል ነው። እሷን ግን በእናንተ ፊት አዋረድኳት። ሙና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሙና ቀና ሳትል «ችግር የለውም ቲቸር» አለች። ከዚያን ቀን በኋላ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች።

የመተግበሪያውን ስህተቶች በኦሮምኛ በሁለት ገጽ ለቅማ በጓደኛዋ እጅ ላከችለት፤ ራሷ አልመጣችም። አብተው ወረቀቱን ከዋቅጋሪ ጋር ተቀምጦ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ማክሰኞና ሐሙስ በምሳ ሰዓት የኦሮምኛ ንባብ ትምህርቱን ቀጠሉ። ከጅማው ስብሰባ በኋላ ያቋረጠው መተግበሪያ በሰኔ ሁለት ምዕራፍ ብቻ ይዞ ተመለሰ፤ እያንዳንዱን መስመር አንብቦታል፣ ዋቅጋሪም አርሞታል።

ሙናን «ስምሽን ከአራሚዎቹ ጋር ላስገባው?» ብሎ ጠየቃት።

«አይ ቲቸር፣ ይቅር።»

አልለመናትም። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ ባዮሎጂ ሌላ መምህር ያስተምራታል። በረንዳው ላይ ሲተላለፉ ቀድሞ ሰላም የሚላት እሱ ነው።