የጉለሌ አይጦች ቆጠራ

ጋዜጠኝነትን የጀመርኩት አይጥ በመቁጠር ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አለቃዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ጉለሌ ሂድ። አንድ የክትባት ቤተ ሙከራ አይጥ ያረባል አሉ። ስንት እንደሆኑ ሳታውቅ እንዳትመለስ» አለኝ።

የአይጦቹ ጠባቂ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የሸጎሌ ሰው ነበሩ። አይጦቹ ነጫጭ ናቸው፤ በእንጨት ሣጥን ይኖራሉ። በየሣጥኑ ጥግ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሠሩት ክዳን ያለው ትንሽ ማሰሮ አለ። እናቲቱ የምትወልደው እዚያ ውስጥ ነው፤ ያን ሰሞን አምስቱ ወልደው ነበር።

«ስንት ናቸው?» አልኳቸው።

«ትልልቆቹ ሃያ አራት።»

«ግልገሎቹስ?»

«ዓይኑን ያልገለጠ አይቆጠርም። ዓይን ይበላዋል።»

«ኧረ ጋሽ ወልዴ፣ የእኔ ዓይን ክፉ አይደለም።»

«ክፉ ዓይን ያለው መቼ አለኝ ብሎ ያውቃል?» ብለው ሳቁብኝ።

ኃላፊው ዶክተር ነገሩን አስረዳኝ። አይጥ በሦስት ሳምንት ትወልዳለች፤ ስምንትም ዘጠኝም ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱም በሁለት ወራቸው ወላጆች ይሆናሉ። ደብተሬ ላይ አንድ ጥንድ ጽፌ ማባዛት ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ቁጥሩ ከመስመሩ አልፎ ወጣ። እጄ ቆመ።

«ታዲያ ጉለሌን ያልሸፈኑት ለምንድን ነው?»

«ስለሚሞቱ ነዋ። ምግብ ያልቃል፣ ቦታ ይጠባል፣ ድመት አለ። አይጥ የምትወልደው ሞቱን ጨምራ አስልታ ነው።» ቀጥሎም ማሰሮዎቹን አሳየኝ። «የእብድ ውሻ ክትባታችንን የምንፈትሸው በእነዚህ ግልገሎች ነው። እኩዮች መሆን አለባቸው። እስኪደርሱ እየጠበቅን ነው።»

የጋሽ ወልዴ አህያ ለመውለድ ተቃርባ ጓሮ ታስራ ነበር። ሊያዩዋት ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁ። የአምስቱን ማሰሮዎች ክዳን አነሣሁ፤ ግልገሎቹን በጣቴ እየለየሁ ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት። ጽፌ፣ ክዳኑን መልሼ ሄድኩ። አለቃዬ ደስ አለው።

በማግስቱ የዶክተሩን ማዕረግ ላጣራ ተመለስኩ። አምስቱም ማሰሮ ባዶ ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸውን በልተዋል። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አቶ ወልዴ፣ ማሰሮው ተነክቷል» ይላል ዶክተሩ። «ቁልፉ ያለው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሥራ ይፈልጉ።»

ጋሽ ወልዴ አዩኝ።

ደብተሬን አውጥቼ ገጹን ለዶክተሩ ሰጠሁት። «የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ከልክለውኝ ነበር።»

አየው። «እናቲቱ ባዕድ ጠረን ስትሰማ ትበላቸዋለች። ለሚቀጥሉት ልጆቿ ስንቅ ታደርጋቸዋለች» አለ። «አቶ ወልዴ፣ ወደ ሥራዎ ይመለሱ። አንተ ግን ውጣ።»

ጋሽ ወልዴ በጓሮ በኩል ሸኙኝ። አህያዪቱ ወልዳለች። አንድ ውርንጭላ፣ እግሩ ከሰውነቱ የረዘመ። ጠጋ ስል ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ተው፣ ትራገጣለች! እኔንም አታስጠጋም። ዓመት ተሸክማው ነው። አይጧ በወሩ ትተካልሃለች፤ ይህንን ብትነካብኝ ኖሮ ማን ይተካልኝ ነበር?»

ጽሑፌን ሳይታተም አስቆምኩት። አለቃዬ «ሠላሳ ስምንቱም? በአንድ ሌሊት?» አለ። «በአንድ ሌሊት» አልኩት።

ከወር በኋላ እስከ አይጦቹ ቤት በር ድረስ መግባት ተፈቀደልኝ። ከአምስቱም ማሰሮ ቀጭን ጩኸት ይሰማል፤ ያ ሁሉ ሞት ያልነበረ ይመስል። ባርኔጣዬን ማውለቄን ያወቅኩት ጋሽ ወልዴ ሲስቁ ነው።

«ምነው፣ ዛሬ ስንት ናቸው አትልም?»

«እርስዎ ሲነግሩኝ እጽፋለሁ።»

«ዓይናቸውን ሲገልጡ ና።»

በሁለት ሳምንቱ ሄድኩ። «አርባ ሦስት» አሉኝ፤ ዶክተሩም ፍተሻው ሊጀመር መሆኑን ነገረኝ። ጋዜጣው ላይ የወጣው ይኸው ነው።

ቁጥር ከጠባቂው ይጠየቃል። ክዳን ከፍቼ ያገኘሁት ቁጥር እስከ ማግስቱ እንኳ እውነት ሆኖ አልቆየም።