የፎሶሊያ አገር

ፎሶሊያ ማለት ለጋ ሳለ ከነቆዳው ተቆራርጦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከካሮት ጋር ተጠብሶ የሚበላ፣ ቀጭንና አረንጓዴ አትክልት ነው። በጾም ቀን ከበያይነቱ ላይ አይጠፋም። ሁለት ጎረቤቶቼን ያጣላቸውም ይኸው ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን ሲቀዳ፣ ቦሌ የምንኖር ሦስት ሰዎች ኩፖናችንን እያዋጣን በግሪኩ በሙሴ ኮስታ መኪና ፒያሳ ሥራ እንገባ ነበር። ሦስተኛው ቱርኩ ሙሴ ኒሃት ነው። አንድ ዓርብ ለምሳ ወደ ሰፈራችን ተመልሰን አትላስ አጠገብ ስንበላ ኒሃት፣ "ፎሶሊያ እኮ የቱርክ ቃል ነው" አለ።

"ከእኛ ሰርቃችሁ ነዋ!" አለ ኮስታ። "ከነገ ጀምሮ በእግርህ ሂድ!"

"አንተም ያለ እኔ ኩፖን መኪናህን ግፋ!"

በእግር መሄዱ ለእኔም እንደማይቀርልኝ ስለገባኝ ሽምግልና ጀመርኩ። ቃሉ ከግሪክ ተነሥቶ በቱርክ በኩል እንደመጣ፣ ሁለቱም ልክ እንደሆኑ በትዕግሥት አስረዳኋቸው። ይባስ ብለው ተኮራረፉ። ነገሩን ላለዝበው ብዬ፣ "ለመሆኑ አትክልቱ ራሱ የአሜሪካ መሆኑን ታውቃላችሁ?" አልኩ።

ለካ ከጀርባዬ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በያይነቱ እየበሉ ኖሯል። እንደጎረሱ ዞሩ።

"ምኑ ነው የአሜሪካ?"

"ኧረ የዝዋይ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር!" አለ ኮስታ።

"የመንግሥት እርሻ!" አለ ኒሃት፣ የኮስታን ትከሻ አቅፎ። "አብረን ሄደን አይተናል!"

ሊቀ መንበሩ ትንሽ አሰቡና የጎረሱትን ዋጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም በአንድ መኪና ሥራ ገባን።