«ርስት የሌላችሁ!» ብዬ የጮህኩበት እሑድ

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ቀየት ከምትባል ከተማ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አንድ ደብር ነው። የማልረሳው ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ቀን ጠልቶኝ ስለማያውቅ ነው። ደግሞም ያን ቀን ከእኔ በቀር ማንም የማይችለውን ሥራ ሠርቻለሁ።

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። በሰው ቤት አሽከር ሳለሁ የጌታዬ ልጅ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያጠና፣ ፊት ለፊቱ እሳት እያነደድኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ፊደልን ያወቅኩት ተገልብጦ ነው፤ አቃንቼ ማንበብን የለመድኩት በኋላ ነው። ዛሬም ባለ ዲግሪ የልጅ ልጆቼ ጋዜጣ ገልብጬ ሳነብላቸው አፋቸውን ይይዛሉ።

በዚያ ዘመን የአንድ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት መልማይ ነበርኩ። ሥራዬ በየደብሩ እየዞርኩ ድሃ ወጣቶችን መዝግቦ አናጢነት፣ ግንበኝነትና ብረት ሥራ እንዲማሩ መላክ ነበር። የማነበውን ማስታወቂያ የጻፉት ግን የከተማ ሰዎች ናቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱን አስፈቅጄ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ድምፄ ያኔ ሸለቆ ይሻገር ነበር።

«ርስት የሌላችሁ፣ ረዳት የሌላችሁ ወጣቶች! ኑና ሙያ ተማሩ!»

አንድ ሽማግሌ የበግ ጠጉር ባናቸውን እያጣፉ ተነሡ።

«ርስት የሌላችሁ አልክ? እዚህ አገር አባት የሌለው ሰው አይተሃል?»

«ድሃ ማለቴ ነው፣ አባቴ።»

«ድሃማ ሁላችንም ነን። ርስት የሌለው መጤ ነው። ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ከኋላ አንዱ፣ «ልጆቻችንን ቀጥቃጭ ሊያደርግብን ነው የመጣው!» አለ። አንዲት ባልቴት ደግሞ፣ «ይኸስ ጉሮሮ ለወፍ ጥበቃ ነበር የሚሆን!» ብላ ሕዝቡን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ወደ ፊት የመጣው አንድ ወጣት ብቻ ነው። ደምሴ ይባላል፤ ዕድሜው ወደ ሃያ ይጠጋል።

«እኔን ጻፈኝ» አለ። «ወላጆቼ ሞተዋል። የአባቴን መሬት አርሳለሁ፤ እህሉ ግን አጎቴ ጎተራ ይገባል። እንደ አሽከር ከምኖር አናጢ ልሁን።»

አጎቱ አያ ወልዴ እዚያው ነበር። ዱላ ያነሣል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለ። «ጻፈው ልጄ፣ ይማርልኝ!» ብሎ አጎዛ አስነጥፎ አስቀመጠኝ። እንግዲህ አንድ አስተዋይ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

«ብቻ ወረቀቱ እንደሚለው ተናገርና ይጻፍህ» አለው ደምሴን።

ደምሴም እንዳያመልጠው ቸኩሎ፣ «ርስት የለኝም» አለ።

ይህን ጊዜ ከአያ ወልዴ ጎን፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ ደብተራ ጉልበቱ ላይ ሲጽፍ አየሁ። ለእኔ የተገለበጠ ጽሑፍ ምኔ ነው? እንዲህ ይላል፦ «ደምሴ ርስት የለኝም ብሎ በሽማግሎች ፊት በአፉ ስለ መሰከረ...» ከሥሩ ለምስክሮች ስም ቦታ ተትቷል።

ደሜ ፈላ። ያ ወረቀት ከተፈረመ ደምሴ የአባቱን መሬት ዳግመኛ ሊጠይቅ አይችልም። በደጀ ሰላም፣ በሽማግሌ ፊት የወጣን ቃል የትኛው ዳኛ ይሽረዋል? «ርስት የሌላችሁ» የሚለውን የጻፉት የከተማ ሰዎች ናቸው። እዚያ ድረስ ተሸክሜ የጮህኩት ግን እኔ ነኝ።

መዝገቡ በእጄ ነበርና ብዕሬን ቀለም አጠቅሼ የራሴን ጻፍኩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተመልሼ ወጥቼ አነበብኩ።

«ደምሴ የአባቱን ርስት ለአጎቱ በአደራ ሰጥቶ ሙያ ሊማር ሄዷል። ሲመለስ ይረከባል። ደምሴ፣ ቃልህ ይህ ነው?»

ልጁ አጎቱን አየ፣ እኔን አየ። አያ ወልዴ በዓይኑ ሊበላው ደርሷል።

«ነው» አለ በመጨረሻ። «የለኝም ያልኩት ወረቀቱ ስለሚል ነው።»

ወደ ቁጡው ሽማግሌ ዞርኩ። «አባቴ፣ ሰምተዋል?»

«አንተን አልወድህም» አሉኝ። «ግን ሰምቻለሁ።»

አያ ወልዴ፣ «ሌባ ጸሐፊ!» ብሎ ውሻ ለቀቀብን። ድንጋይ ወርዋሪውም በዛ። ከደምሴ ጋር ወንዙን እስክንሻገር ሮጥን። ተረከዜ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

ትምህርት ቤቱ በተራው፣ «ርስት ካለው ምኑን ድሃ ሆነ?» አለ። ተሟግቼ ልጁን አስገባሁት፤ እኔን ግን ማስታወቂያ ለውጠሃል ብለው አሰናበቱኝ።

ደምሴ ከሁለት ዓመት በኋላ መጋዙን ይዞ አገሩ ገባ። አጎቱ መሬቱን አልለቅም ሲል እኒያው ሽማግሌ ዳኛ ፊት ቆመው፣ «ጸሐፊው ባለጌ ነበር፤ ቃሉ ግን አደራ የሚል ነው» ብለው መሰከሩለትና ረታ። አያ ወልዴ ሲሞት ለቅሶው አልደረስኩም፤ ዛሬም አይጸጽተኝም።

ርስት የሚባለው ነገር በአዋጅ ከቀረ ዘመን አልፏል። በሕይወቴ ስንት ማመልከቻ፣ ስንት ውል ጽፌአለሁ፤ የምኮራው ግን በዚያች አንድ መስመር ነው። ያም ሆኖ ከዚያ እሑድ ወዲህ ሰው የሰጠኝን ወረቀት ጮክ ብዬ አላነብም፤ መጀመሪያ ለብቻዬ አየዋለሁ። አቃንቼም፣ ገልብጬም።