ያልተጋሩት ጥንዶች

ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ላሊበላ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር ሁለት የገጠር ልጃገረዶች ነበርን። እሷ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል፣ እኔ ከነአኩቶ ለአብ በታች። ስንቃችን አንድ፣ ኩራዛችን አንድ።

አባቴ ታመመና ገበሬ ማኅበሩ ለእርከን ሥራ ከየቤቱ ሰው ሲጠራ በእሱ ፈንታ እኔ ሄድኩ። ስመለስ የኬሚስትሪ መምህራችን የሞለኪውሎችን ቅርጽ አስተምረው ጨርሰዋል፤ ፈተናው በማግስቱ ነው። አንደኛ የወጣ ተማሪ ወልድያ ለውድድር ይላካል። የምንቀዳደመው እኔና እሷ ነበርን።

«አይዞሽ፣ ቀላል ነው» አለችኝ። የተዘፈዘፈ ሽምብራ በስንጥር እየሰካች አሳየችኝ። «ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። ጥንዶቹ ስለሚገፋፉ የቻሉትን ያህል ይራራቃሉ። ሁለት ከሆኑ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሦስት ከሆኑ ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን። አራት ከሆኑ ሦስቱ እንደ በርጩማ እግር ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ።»

«ስንት ጥንድ እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«መሐል ካለው አቶም ጋር የተያያዙትን ቁጠሪ። በቃ።»

አመንኳት። ሽምብራውን በልተን ተኛን።

ፈተናው ላይ አሞኒያን ጠፍጣፋ፣ ውሃን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጌ ሣልኩ። ወረቀቱን ሲመልሱ መምህሩ አስቀሩኝ።

«ውሃ መሐል ያለው ኦክስጅን ለማንም ያላጋራቸው ሁለት ጥንዶች አሉት። አቶም ባይዙም ይገፋሉ፤ ውሃን ያጎበጡት እነሱ ናቸው። ጓደኛሽ አልነገረችሽም? ሰሌዳ ላይ ወጥታ ለክፍሉ ያስረዳችው እኮ እሷ ናት።»

ቤት ስገባ እግሯን ትታጠባለች።

«ያልተጋሩ ጥንዶች እንዳሉ ታውቂ ነበር?»

ቀና አላለችም። «የምታውቂ መስሎኝ።»

«የት ተምሬ? እርከን ላይ?»

እግሯን አደራርቃ፣ «አንቺ ወልድያ ባትሄጂም አባትሽ ያስተምሩሻል። እኔን ዘንድሮ ሊድሩኝ ነው። ወልድያ ከተላክሁ ምናልባት ይተዉኝ ይሆናል» አለች።

ይህን አስቀድማ ብትነግረኝ ቦታውን እለቅላት ነበር ወይ? አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረገችኝ እሷ ናት፤ ከሁሉ የቆጨኝም ይኸው ነው።

በእህል መኪና ወልድያ ሄደች። አባቷም ለዚያ ዓመት ሠርጉን ተዉት። ስትመለስ አንድ ሳሙና አመጣችልኝ፤ ተቀበልኳት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አብረን ኖርን። ግን ጨው ረክሷል ብትለኝ እንኳ ገበያ ወርጄ ሌላ ሰው ሳልጠይቅ አላምናትም ነበር።